ጋሼ ኒቆዲሞስ ያመኗት መኪና

በየከተማው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ራሱን ለዕቃው የሚያስረክብ ሰው አይጠፋም። ስልክ ሲገዛ የልጆቹን ቁጥር ይረሳል፤ ሰዓት ሲገዛ ፀሐይ ማየት ይተዋል። የኛ የመካነ ሰላሙ ሰው ግን ከሁሉም ይልቃሉ። እነሆ ክቡር ሊቀ መኪና ጋሼ ኒቆዲሞስ፤ የቄስ ልጅ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ የእኔና የባለቤቴ የጸደንያ አከራይ።

አዲሷ መኪናቸው መስመሯን ስትስት መሪዋን ራሷ ትመልሳለች፤ ከፊቷ የሆነ ነገር ሲደነቀር ራሷ ፍሬን ትይዛለች። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋሼ ግን መገረሙን አልፈው አመኑባት። "እሷ ታውቃለች" ይላሉ፣ ስለ ሁሉም ነገር።

በገበያ ቀን አብሬያቸው ስሄድ በግ መንገዱን ሞላው። "ጋሼ፣ ፍሬን ይያዙ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። "ምን አገባኝ? እሷ ታውቃለች።" እውነትም ክንድ ሲቀራት ቀጥ አለች። የበጎቹ ባለቤት አማተበ፤ እኔም አማተብኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አስፋልቱ ዳር የተሰጣ ስንዴ ጠርዙ መስመር መሰላትና እሱን ተከትላ መሀሉ ገባች። ገበሬው ዱላውን ይዞ ሲመጣ ጋሼ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ጥፋቱ የስንዴው ነው፤ መንገድ ላይ ምን ይሠራል?"

ጉድ ያሰኘኝ ግን መሳለማቸው ነው። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ መኪና አቁመው፣ ወርደው ነበር የሚሳለሙት። አሁን እየሄዱ ሁለት እጃቸውን ከመሪው ያነሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። በእኛ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ የለም። መኪናዋ መሪውን ያዙ እያለች ትጮሃለች። "ሰማህ? አሜን እያለች ነው" ይሉኛል።

ነሐሴ ላይ ጸደንያ ምጥ ያዛት። ሐኪሙ የሕፃኑን አቀማመጥ ስላልወደደው ቶሎ ደሴ ትድረስ አለ፤ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ እናት ይዞ ሄዷል። ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። "አብሽሪ ልጄ! እናደርስሻለን።"

የጉጉፍቱ ተራራ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። ከጉሙ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፤ ጋሼም እንደ ልማዳቸው ሁለት እጃቸውን አንስተው ጎንበስ አሉ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ መኪናዋ መስመሩ ጠፍቷት ቀጥ ብላ ሄደች። የቀኝ ጎማችን ከአስፋልቱ ሲወጣ ጸደንያ ጮኸች፤ ጋሼ ፍሬኑን ረገጡት። በእኔ በኩል ያለውን በር ስከፍት ከእግሬ ሥር መሬት አልነበረም።

ጋሼ መሪውን አንቀው ያዙ።

"አላየችም" አሉ። "እኔም አላየሁም።"

ጋቢያቸውን ተከናንበው ወረዱ። "ና፣ መሪውን አንተ ያዝ። ወደ ኋላ መልሳትና ነጩን ጋቢ እያየህ ተከተለኝ።"

"ጋሼ፣ ገደል እኮ ነው!"

"ለዚሁ ነው የምቀድምህ።"

እኒያ ከሱቃቸው ደጅ እስከ ገበያው በእግራቸው የማይሄዱ ሰው፣ የአስፋልቱን ጠርዝ በእግራቸው እየዳበሱ፣ ከፊት መኪና እንዳይመጣብን እየጮሁ፣ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ መሩን። በጉሙ ውስጥ ጋቢው ብቅ ጥልቅ ይላል። ጸደንያ ከኋላ ስታቃስት እኔ ዓይኔን ከእሳቸው ጀርባ አልነቀልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ጀርባ የለም።

ጉሙ ሲገለጥ ወርጄ መሪውን ላስረክባቸው ስል "አንተው ንዳ" አሉኝ። ከኋላ ገብተው የጸደንያን እጅ ያዙ፤ እስከ ደሴም አልለቀቋትም።

ነርሷ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። "እናትየዋም ደህና ናት" ስትል አማተብኩ። ጋሼ ከእርጥብ ጋቢያቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፈው እንደ እንግዳ ራቅ ብለው ቆመዋል።

"እርስዎስ አባቴ፣ ምኗ ነዎት?" አለቻቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"አያቷ ናቸው" አልኳት።