አርፋጅ በር ላይ ይጠብቃል

የክፍል አለቃ የነበረ ሰው ጡረታ የሚወጣ ይመስላችኋል? ከሥራው ይወጣል እንጂ ከአለቅነቱስ አይወጣም። እኛ ስቶክሆልም ያለን የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በዓመት አንዴ ፊቲያ ሰፈር አዳራሽ ተከራይተን እንገናኛለን። ሁላችንም ሸብተናል፤ ታደሰ ግን ዛሬም የዘጠነኛ ቢ አለቃ ነው። ምግብ ሲቀርብ እንደ ባንዲራ ሰልፍ በቁመት ያሰልፈናል። አምና አንዱን ጡረተኛ ሐኪም «አንተ፣ አትረብሽ!» አለው። ሐኪሙም ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ለመሆኑ ይሄን ሥልጣን ማን ሰጠው?

ዘንድሮ ከልጄ ጋር ከዩልስታ ስንመጣ ባቡር መንገድ ላይ ቆሞብን ዘገየን። ታደሰ በሩ ላይ ጠበቀኝና ሰዓቱን አየ።

«አርፋጅ! እዚሁ ቆይ!» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

በሆዴ ሳቅሁበት። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እሱ ራሱን ማን አድርጎ ነው? እንዲህ ያለውን ሰው ዘመዶቹ እንዴት ዝም ይሉታል? ድሮም ድምፁ ትልቅ ስለነበረ እንጂ ለሌላ ነገር አልነበረም የተመረጠው። እንዲህ እያልኩ ሳማው ቆየሁ። የቁሌቱ ሽታ እስከ ውጭ ይመጣል።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ያን ቀን ነገሩ ግራ ቢገባት በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ። ለምን አንገባም?»

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆሜን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ቆይ» አልኳት፤ «ይጠራናል።»