በር ላይ የተያዙት ድምፆቼ

ትናንት ሌሊት ያየሁት ሕልም እስካሁን ደሜን ያፈላዋል።

ሥራዬ የውጭ አገር ደንበኞችን በስልክ ማስተናገድ ነው። አሠልጣኛችን አቶ ምናሴ ወራቱን ሁሉ የእንግሊዝኛውን ‘this’ ሊያስተካክልልኝ ምላሴን በጥርሶቼ መሀል እያስወጣ፣ “‘ዚስ’ አይደለም! ንፋሱን አሳልፊው!” ሲለኝ ነው የከረመው። በሕልሜ እዚያው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ጥበቃው ቦርሳዬን ትቶ አፌን ሊፈትሽ መጣ።

“እህቴ፣ ክፈቺ።”

ከፈትኩ። ባትሪ አብርቶ እስከ ጉሮሮዬ አየና ወደ ኋላው ዘለለ።

“ሁለት ፈንጂ ይዘሻል!”

“የምን ፈንጂ? ስሜ እኮ ነው! ቀጸላ!”

“ቀ እና ጸ ይፈነዳሉ። እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም፤ እዚህም አይገቡም።”

በሁለት ጣቱ ከአፌ መዞ አወጣቸውና ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

ውስጥ ስገባ ወንበሮቹን ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይዘዋቸዋል። “ናይፍ” በሚለው ቃል መጀመሪያ ተጽፎ የማይነበበው ኬ ከረባቱን አስሮ የእኔ ወንበር ላይ ያንኮራፋል።

“ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?” ብዬ ጮህኩ።

አቶ ምናሴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። “ቀስ በይ! ሥራው ዝም ማለት ነው። ስንት ዘመን ቃሉ ውስጥ ሲቀመጥ ድምፁን የሰማው የለም። የተሾመውም ለዚሁ ነው።”

“የእኔዎቹ በር ላይ ታስረው ይሄ ሥራ ፈት ወንበሬ ላይ ይተኛ?”

ግድግዳው ተነሣና መንገድ ሆነ። መንገዱ ላይ በስልክ የሚጮሁብኝ እንግሊዞች የስልክ እጀታ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አማርኛ ሊለማመዱ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመው ሽማግሌ እንባውን ያፈሳል።

“እመቤት፣ በዓል መሆኑን ለበረኞቹ ልነግራቸው ‘ገና ነው’ አልኳቸው። ‘ና’ን ማጥበቅ አቃተኝና ‘ገና ከሆነማ ጠብቅ’ ብለው ዓመት አስቀመጡኝ። እኛ አገር እኮ እንዲህ የሚጠብቅ ነገር የለም!”

አቶ ምናሴ አገጩን በማስመሪያ መታው። “አጥብቅ! እንደገና!”

“ገ... ገኧና...”

“ተወው!” አልኩ። “ሰውዬው ያለው እኮ ገብቶኛል!”

“ላንቺ መግባቱ ምን ይረባል? ቁም ነገሩ አፉ ነው።”

ማስመሪያውን ነጠቅኩት።

“ለመሆኑ አንቺ ማን ነሽ?” አለኝ። “ስምሽን ተናገሪ!”

አፌን ከፈትኩ። የወጣው “ላ” ብቻ ነው። ታገልኩ፤ ጉሮሮዬን ይዤ ታገልኩ። “ላ! ላ!”

“ወይዘሪት ላ” ብሎ ጻፈና ደረቴ ላይ ለጠፈልኝ። ሰልፈኛው በሙሉ አጨበጨበ። ያ የተከራከርኩለት ሽማግሌ ሳይቀር አጨበጨበ!

ልጮህ ስል ስልክ ቀሰቀሰኝ። ነግቷል። ዓይኔን ሳልገልጥ አነሣሁና በዚያ በሠለጠንኩበት ቅላጼ፣ “ሄሎ፣ ጉድ ሞርኒንግ፣ ሀው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?” አልኩ።



“ውይ፣ ይቅርታ የኔ እመቤት” አለች እናቴ። “የልጄ ስልክ መስሎኝ ነው።”

ዘጋችው።