ማርሚታውን የጣለው ሮስኮ

ሮስኮና ዌንደል መጨቃጨቅ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል። ጭቅጭቁ ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። ሮስኮ መኪናዬ እንደ አንበሳ ያገሣል ይላል፤ ዌንደል ደግሞ የለም፣ ሆዷን የነፋት ላም ናት ይላል። የቆሙት ነብራስካ ውስጥ፣ ዙሪያውን በቆሎ በከበበው አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። አውሮፕላን ካረፈበት ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ይሽቀዳደምበታል። ሁለቱም ስድሳን የዘለሉ፣ አጥር ለአጥር ያረጁ ጎረቤታሞች ናቸው።

ሮስኮ፦ ለመሆኑ አንበሳ ሲያገሣ ሰምተህ ታውቃለህ?

ዌንደል፦ አላውቅም። ላም ግን አርባ አለኝ።

ሮስኮ፦ እንግዲያው የማታውቀውን አትናገር።

ዌንደል፦ እኔ እኮ የማውቀውን ነው የምናገረው። ላም እንዲህ ስትል ቁርሴን ትቼ የከብት ሐኪም ነው የምጠራው።

ሮስኮ በዚያው ሳምንት የመኪናውን ጭስ ማውጫ ድምፅ ከሚያፍነው ማርሚታ ጋር ቆርጦ ጥሎ፣ በቦታው ክንድ የሚያስገባ ሰፊ ቱቦ በይዶበታል። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያስነሣው ዕለት የጎረቤት ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ። ቄሱም የመዘምራኑን ልምምድ አቋርጠው ወጥተው ሰማዩን አዩ፤ የመጨረሻው ቀን እንዳልሆነ ሲያረጋግጡ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ለሮስኮ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቱ ሽማግሌው ኤመት በበረዶው ወራት ሲሞቱ ሰባት መሳቢያ ያለው ቀይ የመፍቻ ሣጥን ትተው ነበር። ለወንዱ ልጄ ወይም ለሴቷ ልጄ አላሉም። በነሐሴው ውድድር ከሁለታችሁ ያሸነፈ ይውሰደው ብለው ዐረፉ። ሴቷ ልጅ የሮስኮ ታላቅ እህት ቬርና ናት። የአባቷን ጋራዥ የምታሠራው እሷ ስትሆን፣ ድምፁ ከስፌት መኪና በማይበልጥ አሮጌ የቤት መኪና ሮስኮን አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ አሸንፋዋለች። ኤመት በሕይወት ሳሉ «ሮስኮ ያወራል፣ ቬርና ትሠራለች» ይሉ ነበር። ሮስኮ ሣጥኑን የፈለገው ይህችን ቃል ለመሻር ነው።

ዌንደል [በርከክ ብሎ ቱቦውን እያየ]፦ አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?

ሮስኮ፦ ሞተር ማለት ይተነፍሳል። ጠባብ ቱቦ አንገቱን ያንቀዋል። ሰፊ ስትሰጠው ደረቱን ነፍቶ ይሮጣል። የጩኸቱ ልክ የጉልበቱ ልክ ነው።

ዌንደል፦ እኔ ሾርባ ሳበርድ ግን አፌን አጠብባለሁ።

ሮስኮ፦ አሁን ሾርባን ምን አመጣው?

ዌንደል፦ አፌን ከፍቼ ስተነፍስበት አይበርድማ። ትንፋሹ ይዝላል። ጠበብ ሳደርገው ነው የሚፈጥነው።

ሮስኮ፦ ወንድሜ፣ አንተ ሾርባህን ጠጣ፣ ሞተሩን ለኔ ተው።

ዌንደል፦ እሺ። ግን በድሮው ቱቦ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ጭሱ ተስፈንጥሮ ነበር የሚወጣው። አሁን ሥራ እንደፈታ ሰው እየተንገዋለለ ነው።

ሮስኮ ሁለት የጋራዥ መጽሔት አንብቧል፤ ዌንደል አንድም አላነበበም። በዚህ መካከል ለሙከራ ሩጫ ተጠራ። ሞተሩን ሲያስነሣ በአጥሩ ላይ የተቀመጡት ወፎች በአንድነት ተነሥተው ወደ ደቡብ ሄዱ። የመሽቀዳደሚያውን ሩብ ማይል ጨርሶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል፤ ዌንደል ደግሞ ከሰዓት መዝጋቢው ክፍል የተሰጠውን ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይጠብቀዋል።

ሮስኮ፦ አየህ? ገና ስረግጠው ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ተወረወረ። ይሄን የመሰለ ጉልበት አባቴም አልነዳም።

ዌንደል [አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ፣ ከወለሉ ላይ አንድ ነገር አንሥቶ]፦ ይሄ ብሎን ያንተ ነው?

ሮስኮ፦ የምን ብሎን?

ዌንደል፦ የወንበርህ። ከመንቀጥቀጡ ብዛት ተፈቷል። አንተን መኪናው አልወረወረህም፤ ወንበሩ ነው ወደ ኋላ የሄደው።

ሮስኮ፦ ወንበሩን የፈታው ታዲያ ምንድን ነው? ጉልበት ነዋ።

ዌንደል፦ ወረቀቱ ደግሞ አሥራ አምስት ነጥብ ሦስት ሰከንድ ይላል። በድሮው ቱቦ አሥራ አራት ነጥብ ስምንት ነበርክ።

ሮስኮ፦ ሰዓቱ ተበላሽቷል።

ዌንደል፦ ላንተ ብቻ?

ሮስኮ፦ ደንግጦ ነው።

በዚያ ሜዳ የሚሽቀዳደሙ ሁሉ መኪናቸው ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድመው መስታወታቸው ላይ በነጭ የጫማ ቀለም ይጽፋሉ። የቀርፋፋው መነሻ መብራት ቀድሞ ይበራና እንደ ልዩነታቸው መጠን ቀድሞ ይለቀቃል። መጨረሻው ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ነገር ግን ከጻፈው ቁጥር በታች፣ ማለትም ከዚያ ፈጥኖ፣ የገባ ሰው የቱንም ያህል ቢቀድም ተሸናፊ ነው። ስለዚህ እዚያ ጌታው ፈጣን ሰው ሳይሆን ራሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ኤመት ይህን ውድድር ለምን እንደመረጡ ሮስኮ ተጨንቆ አያውቅም።

ሮስኮ [ቀለሙን እያቀበለው]፦ በጎንና በኋላ መስታወቱ ላይ ክንድ የሚያህል አድርገህ ጻፍልኝ። አሥራ አራት ነጥብ ሦስት።

ዌንደል፦ እዚያ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? ሰውዬው የሚመኘው ነው ወይስ መኪናው የሚፈጀው?

ሮስኮ፦ ሠላሳ ዓመት እዚህ ሜዳ ስትመላለስ ይሄን እንኳ አታውቅም? መኪናው የሚፈጀው ነዋ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ዌንደል፦ መኪናው የሚፈጀውን። እሺ።

ሮስኮ የወንበሩን ብሎን ሊያጠብቅ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተደፋ። ብሎኑ አስቸገረው። ጨርሶ ቀና ሲል ስማቸው ተጠራ፤ የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ወደ መነሻው መስመር ነዳ። ቬርና አጠገቡ ቆማለች። የሷ መኪና ሞተር መነሣቱን ለማወቅ የጭሱን ቀዳዳ ማየት ያስፈልግ ነበር።

መብራቱ ለሮስኮ ቀድሞ በራ። አንድ አፍታ ገረመው፤ ነገር ግን የመብራቱ ሰው ለሚገባው ሰው ክብር የሰጠ መሰለውና ረገጠው። ሜዳው ተንቀጠቀጠ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ በኋላ ማሳያ መስታወቱ የቬርናን መኪና አየ፤ ድምፅ ሳታሰማ እየቀረበች ነው። ሦስት አራተኛው ላይ በጎኑ መጣች። ልክ መጨረሻው መስመር ላይ አፍንጫዋ አለፈው።  አሥራ ሁለተኛ ዓመት፤ አሁን ደግሞ ከነሣጥኑ። ቀና ሲል ግን የአሸናፊው መብራት በሱ በኩል እየበራ ነው።

ቬርና ከመኪናዋ ወርዳ መጣችና በአደራ የያዘችውን የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችው። ያለችው አጭር ነበር። ከጻፈችው በታች እንዳትገባ፣ መጨረሻው ሲቃረብ እግሯን ቀለል ማድረግ አባቷ አስተምሯት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች። ዛሬ ግን የሮስኮን መስታወት አይታ፣ ቀጥሎ ያንን ጩኸት ስትሰማ፣ ይሄ ተንኮለኛ ጉልበቱን ደብቆ አታለለኝ ብላ ደነገጠች። እግሯን ቀለል ማድረጉን ረሳችው። አሥራ አራት ነጥብ ዘጠኝ ጽፋ በአሥራ አራት ነጥብ ስምንት ገባች። ቢሆንም ይገባሃል አለችው፤ ትከሻውን መታ አድርጋ ሄደች።

ሮስኮ [ቁልፉን ጨብጦ]፦ ሰማህ? ቱቦው ነው ያሸነፈው።

ዌንደል፦ ሰማሁ። አንተን አላፈጠነህም እንጂ ቬርናን አፍጥኗታል።

ሮስኮ፦ ተንኮለኛ አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ አድንቃኝ አታውቅም። የመብራቱን ሰውስ አየህ? ለኔ አስቀድሞ አበራልኝ።

ዌንደል፦ ለቀርፋፋው ነው የሚያስቀድመው።

ሮስኮ፦ ደንቡን ለኔ ልታስተምረኝ ነው? እሷ አሥራ አራት ነጥብ ዘጠኝ ጻፈች፣ እኔ አሥራ አራት ነጥብ ሦስት። ቀርፋፋዋ ታዲያ እሷ አይደለችም?

ዌንደል፦ አንተ አሥራ አምስት ነጥብ ሦስት ነህ።

ሮስኮ፦ ማነው ያለው?

ዌንደል፦ ወረቀቱ። መኪናው የሚፈጀውን ጻፍ አልከኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ገለበጥኩ። ያንተን ብጽፈውማ እሷን አስቀድመው ይለቋት ነበር፤ መጨረሻው መስመር ላይ አቧራዋን ነበር የምታየው።

[ሮስኮ ቁልፉን አየው፤ ዌንደልን አየው። ደንቡን፣ ቁጥሩን፣ መብራቱን አንድ በአንድ በልቡ ደመረ። ድምሩ የትም ቦታ ላይ እሱን አላስገባውም። በእንጨት የተሰካ ቋሊማ የሚበሉ ሰዎች ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን አነሡለት፤ እሱም ከንፈሩን ብቻ ፈገግ አድርጎ መለሰላቸው።]

ሮስኮ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ]፦ ዌንደል፣ አደራህን፣ ይሄን ነገር ለሰው አትንገርብኝ።

ዌንደል፦ ለማን እነግራለሁ? ክንድ አክሎ መስታወትህ ላይ ተጽፎ አራት መቶ ሰው አንብቦታል። ያላነበብከው አንተ ብቻ ነህ።