የመስታወት ዱቄትና የፊት ጥርሴ

ሰው የሚመዘነው በሥራው ነው የሚሉ ሰዎች ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ልከው አያውቁም። እኔ ልኬ አይቻለሁና ልንገራችሁ፤ ሰው የሚመዘነው በጥርሱ ነው። ፈረስ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ፈረሱን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው። አማት ግን ሰላምታው እስኪያልቅ እንኳ አይታገሥም።

ያደግሁት ዝዋይ አካባቢ ነው። የዚያን አገር የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ሲጋራ በእጁ ነክቶ ባያውቅም ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛ ውሃ ግን አስቀድሞ የወሰደው መሳቂያችንን ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለአቶ ጴጥሮስ ግን ማስረዳት አልተቻለም።

አቶ ጴጥሮስ የማርታ አባት ናቸው። ማርታ ደግሞ በደርግ ጊዜ የንብ እርባታ ባለሙያ ሆኜ ጂንካ ስመደብ አይቼ ልቤ የቀረባት ልጅ ናት። አባቷ የአሪ ገበሬ፣ አጥባቂ ፕሮቴስታንት፣ ሲጋራ የያዘ ሰው በአጥራቸው ጥግ ሲያልፍ የሚያስነጥሳቸው ሰው ነበሩ። የላክኋቸውን ሽማግሌዎች በደንብ አስተናገዱና፣ "ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን ያጨሳል። ጥርሱን አይቻለሁ" አሉ። በተለይ አንደኛው የላይ የፊት ጥርሴ ከድዱ ሥር ጠቁሮ ነበር። እርግጥ እሱ የትንባሆ ሳይሆን የመቦርቦር ጥቁረት ነበር። ቁርጡን እሑድ ሊነግሩኝ ቀጠሩ።

ምን ይደረግ? በዚያን ጊዜ እኛ የምናውቀው የጥርስ መድኃኒት ጉጠት ብቻ ነው። ጥቁር ጥርስ ይዞ ከአማት ፊት መቅረብ ይሻላል ወይስ ጨርሶ ወልቆ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ረቡዕ ዕለት ሳር ሜዳው ላይ ባረፈችው አውሮፕላን አንድ የጥርስ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣ። ጥርስ ሳይነቅል በአዲስ ሲሚንቶ ይደፍናል ተባለ። እኔ የማውቀው ሲሚንቶ በኩንታል የሚመጣውን ነው፤ ቢሆንም በማግስቱ ወንበሩ ላይ ተገኘሁ።

የታመመው ጥርሴ ቢሆንም አላስቀምጥ ያለኝ ጥያቄ ነበር። ዱቄቱ ምንድነው አልኩት። የተፈጨ መስታወት ነው አለኝ። ፈሳሹስ? አሲድ! መስታወትና አሲድ በገዛ ፈቃዴ ልጎርስ ነው ብዬ ልነሳ ስል፣ ሳቀና ሁለቱ ሲለወሱ አሲዱ ኃይሉን መስታወቱ ላይ ጨርሶ አብረው ድንጋይ እንደሚሆኑ፣ ከጥርሱም ጋር ራሳቸው እንደሚጣበቁ አስረዳኝ። ስለዚህ ብዙ መሰርሰር የለም፤ የበሰበሰውን ጠርጎ ማውጣት ይበቃል። አጥንት ለሚቆረጥም መንጋጋ ብዙም አይታመንበትም፤ ለእኔ ዓይነት ከድድ ሥር ላለ ቀዳዳ ግን ሁነኛ ነው። ከዚያም በላይ፣ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ቀስ በቀስ እያወጣ ጥርሱን ያጠነክራል። ፍሎራይድ ደግሞ ምንድነው ስለው፣ ዝዋይ ጥርሴን ያቀለመው እሱ ራሱ ነው አይለኝም! በልኩ ሲሆን ይጠግናል፣ በልጅነት ሲበዛ ያበላሻል። ብዙ ዘመድ እንዲህ ነው።

የሲሚንቶው ክፉ ጠባይ አንድ ነው፤ እስኪጠነክር ድረስ እርጥበት አይወድም። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ዱቄት ነበረው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቢጫ ቢጤ። ጥርሴን የሚመስለው ቢጫው ነው፤ እሱም የቀረው ለአንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ከንፈሬን በጥጥ ወጥሮ፣ ዱቄቱን ከፈሳሹ ጋር ለውሶ፣ ወዙ ሳይጠፋ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀው። አትንቀሳቀስ፣ አትዋጥ አለኝ።

ይሄኔ ዱካ የሚባሉ ወዳጄ ገቡ። ከበና ብሔረሰብ አገር ማር የሚያመጡልኝ አዛውንት ናቸው። ሸፈሮ፣ ማለትም የቡና ገለባ ፍላት፣ በቅል ይዘው ውጭ ተራ ይጠብቁ ነበር። አፌን በልቅጬ፣ ዐይኔን አፍጥጬ ሲያዩኝ ነፍሴ የምትወጣ መሰላቸው። በእነሱ አገር ሽማግሌ የሚወደውን ሰው ሲመርቅ ቡናውን ይጎነጭና እፍ ብሎ ይረጭበታል። "ልጄ አይሞትም! በሽታ ይሂድ! ከብት ይምጣ!" እያሉ ሦስት ጊዜ ረጩብኝ። የተከፈተ አፍ ደግሞ ምርቃት በደንብ ይቀበላል።

ሲሚንቶው ሟሟ፤ ሐኪሙ ራሱን ያዘ። እኔስ ልቆጣ? በምርቃት ይቆጣሉ? እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉኝ፤ ከቤተሰቤ ርቄ በኖርኩበት አገር እንደዚያ የደነገጠልኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ቀዳዳውን እንደገና ጠርጎ በነጩ ደፈነው፤ ሲጠነክርም እርጥበት እንዳይገባው፣ ቶሎ ደርቆም እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ቀባው። በመስታወት ሳይ የጥርሴ እኩሌታ ወተት መስሏል፤ የቀሩት ጥርሶቼ አጠገቡ ይባስ ጠቆሩ።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከነቤተሰቡ ተሰብስበው ሳለ አቶ ጴጥሮስ ሳቅ በል አሉኝና ሳቅሁ። ቀረብ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ።

"አያችሁ?" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "ሲጋራ ሳይጀምር በፊት ጥርሱ እንዲህ ነበር።"

ስለ ዝዋይ ውሃ አፌን ልከፍት ስል ማርታ ከጓዳው በር ላይ ሆና በዐይኗ ቆነጠጠችኝ። አባቷ ቀጠሉ፤ ከሥሩ መንጻት ከጀመረ መተው ጀምሯል ማለት ነው፤ እግዚአብሔር የጀመረውን ይፈጽማል፤ ልጁ በሰው ፊት "ትቻለሁ" ይበልና ልጄን ይውሰድ አሉ።

እውነቱን ብናገር ውሸታም ልባል ነው፤ ብዋሽ ማርታን ላገኝ ነው። ማርታን አየኋት።

"ትቻለሁ፣ አባባ" አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ይኸው እስከ ዛሬ በመንደሩ ሲጋራ መተው ያቃተው ሰው ሲገኝ፣ እንዴት እንደተውኩት እንድመክረው ወደ እኔ ይልኩታል። እኔም እጁን ይዤ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ከተውኩት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አምሮኝ አያውቅም።