ስለ ምክትል ኃላፊ ፔንግ የሕፃን ማዝናኛ ዕቅድና ስለ ቆሻሻው መኪና

ታላቅ ሥራ ጦር ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው ያለው ማነው? አንዳንዱ በዓመት ፈቃዱ ይሠራዋል። በአንዲት የታይዋን ከተማ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ክትትል ክፍል ምክትል ኃላፊ የሆኑት አቶ ፔንግ ጉዋንጂ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ናቸው። በነሐሴ ሐሩር፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጃቸው ቶንግቶንግ የምትውልበት መዋለ ሕፃናት ለሁለት ሳምንት እረፍት በሩን ሲዘጋ፣ ሌላው አባት ፀጉሩን ነጨ። እሳቸው እርሳስ ቀረጹ።

ነገሩ የተወሰነው እራት ላይ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፔይዩ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናቸው፤ በዚያ ወር ፈቃድ የሚባል ነገር አይታሰብም። የሕፃናት መጫወቻ ቤት እንዳይወስዷት ደግሞ የአንድ ቀን መግቢያው የሳምንት አትክልት ይገዛል።

«እናቴን ልጥራት እንጂ ሌላ ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ፔይዩ።

አቶ ፔንግ የሩዝ ሳህናቸውን አስቀመጡ። አማታቸው ባለፈው ጊዜ ከፒንግዶንግ የመጡት «ለሦስት ቀን» ነበር። ሕፃኗ ስትወለድ መጥተው የሄዱት ጥርስ ስታበቅል ነው። በእነዚያ ወራት አቶ ፔንግ በየማለዳው መራራ የሥራሥር መረቅ ጠጥተዋል፤ ከስተሃል ተብለዋል፤ ሽንት ቤት ትንሽ ሲቆዩ በሩ እየተንኳኳ «ሆድህን ነው?» ተብለዋል። መቼም ከዚያ ሁሉ መረቅ በኋላ ሰው ቆራጥ ይሆናል።

«አያስፈልግም» አሉ። «እኔ ፈቃድ እወጣለሁ። ልጅ ማዝናናት እኮ የአመራር ጥያቄ ነው።»

«የምን ጥያቄ?»

«የአመራር! ለሁለት ሳምንት ሦስት ሺህ ዩዋን ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ይተርፋል።»

ወይዘሮ ፔይዩ ባላቸውን አየት አደረጉ። «እሺ። ግን ስማኝ። ልጅቷ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ደውላ ‘እማዬ ነይ’ ብላ ካለቀሰች ያኔውኑ እናቴ ጋ ነው የምደውለው። በኋላ እንዳትነጫነጭ።»

«ተስማምቻለሁ» አሉ አቶ ፔንግ፣ ቃለ ጉባኤ እንደሚፈርም ሰው።

ዕቅዱ አሥራ አንድ ገጽ ወጣው። ራእይ ነበረው፦ በውስን ሀብት በዘላቂነት የምትዝናና ሕፃን ማየት። ተልእኮም ነበረው፤ እሴቶችም ነበሩት። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ስም ተሰጥቶታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ባቄላ ከኩባያ ወደ ኩባያ ማገላበጥ፤ ሦስት ተኩል አሮጌ ጋዜጣ በሥርዓት መቅደድ፤ አራት ሰዓት ላይ የጋራ ግምገማ።

ሰኞ ወደ ሥራ ተገባ። የሦስት ቀን መርሐ ግብር በሃያ ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ እንዲህ ያለ አፈጻጸም በጽሕፈት ቤቱ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። አንድ ባቄላ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ በማስነጠስ ወጣ። ጋዜጣው ተቀደደ፤ የውሃ ክፍያው ወረቀትም በማያገባው ገብቶ አብሮ ተቀደደ። ከዚያ ቶንግቶንግ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«እማዬ ጋ።»

«እማዬ ሥራ ላይ ናት፣ የኔ ማር። ነይ እንገምግም።»

«አልገመግምም! እማዬ ጋ!»

እንደ ምንም ተብሎ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ልጅቷ የአባቷን ስልክ ይዛ ለንቦጯን ጣለች። የእናቷን ፎቶ የት ጋ እንደሚጫኑት ደግሞ አሳምራ ታውቃለች። አቶ ፔንግ የአማታቸው ሻንጣ ጎማ ደረጃው ላይ ሲንጓጓ በጆሯቸው መጣባቸው። እሱ ሳይደግስ አይጣላምና፣ በዚያችው ደቂቃ ከመንገዱ ጫፍ የፒያኖ ዜማ ተሰማ። የቆሻሻ መኪናው ነበር፤ በዚያ አገር መምጣቱን የሚያስታውቀው በዜማ ነው።

ቶንግቶንግ ስልኩን ወረወረች። አባት በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በሌላው ከረጢት አንጠልጥለው አራት ፎቅ ወረዱ። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደ ወትሮው ከረጢቱን ይዞ ዳር ዳሩን ቆሟል። ቢጫው መኪና እየዘመረ መጣና ቆመ። ቶንግቶንግ እኔ ራሴ ካልጣልኩ ብላ ተንፈራገጠች። ጓንት ያጠለቀው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አቀበላት፤ ወረወረች፤ ብረቱ አፉን ከፍቶ ዋጠው።

«ቻው ቆሻሻ!» ብላ ጮኸች። እስኪመሽ ድረስ እናቷን አላነሳችም።

በማግስቱ ዕቅዱ ተከለሰ። አቶ ፔንግ የመኪናውን የጉዞ ሰሌዳ ከከተማው ድረ ገጽ አውጥተው አጠኑ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል በአካባቢው አምስት ቦታ ይቆማል። አቋራጭ ከተገባ አምስቱም ቦታ መድረስ ይቻላል። «ተንቀሳቃሽ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት» የሚል ስም ወጣለት። ወጪ፦ ባዶ።

ታዲያ ትንሽ የአፈጻጸም ክፍተት ታየች። ቶንግቶንግ የምትፈልገው ማየት አይደለም፤ መጣል ነው። አምስት ቦታ አምስት ከረጢት ይላል። የሦስት ሰው ቤት ደግሞ ቢበላ ቢበላ ይህን ያህል አያቆሽሽም። አቶ ፔንግ መኪናው ከሚቀበላቸው፣ የከተማው ማኅተም ካለባቸው ከረጢቶች ትንንሾቹን ገዝተው፣ የሙዝ ልጣጩን ለብቻ፣ የሻይ ቅጠሉን ለብቻ ያሽጉ ጀመር። ስለ ልጣጩ ሲሉ ሐብሐብ ገዙ። ማታ ወይዘሮ ፔይዩ ፍሪጁን ከፍተው፣ የአኩሪ አተር አይባቸውን አጥተው ቆሙ።

«ቶፉው የት ሄደ?»

«የአገልግሎት ዘመኑ እየተጠናቀቀ ነበር።»

«ትናንት የገዛሁት ቶፉ?»

«ልጅቷ አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም።»

«እንግዲያው!» አሉ አቶ ፔንግ።

ሐሙስ ዕለት የቤቱ ቆሻሻ ጭራሽ አለቀ። ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ቶንግቶንግ ባዶ እጇን አይታ ፊቷ ሲጨማደድ፣ አቶ ፔንግ አዝለዋት ወደ ሕንጻው ሮጡ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የእትዬ ዡዋንግን በር አንኳኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቆሻሻ ይኖርዎታል?»

«ምን?»

«ቆሻሻ። የተገኘው ይሁን። ጠርሙስም ካርቶንም እንወስዳለን።»

እትዬ ዡዋንግ ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በነጠላ ጫማ፣ ላብ በላብ ሆኖ ልጅ ያዘለ ምክትል ኃላፊ ነው። «ቢሮስ አንተ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ፈቃድ ላይ ነኝ። ልጅቷን ላዝናና ብዬ ነው።»

እትዬ ዡዋንግ ዕድሜ ያስተማራቸው ሴት ናቸው። የሳቸው ባል ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ እየወጣ ፓርክ ሲቀመጥ የከረመው «ፈቃድ ላይ ነኝ» እያለ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አዎ ልጄ፣ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ነው። ቆይ፣ አንዴ ቆይ» ብለው ገብተው የሳምንት ጠርሙስ፣ ሁለት ከረጢትና የተጣጠፈ ካርቶን ይዘው ወጡ። ከላዩ ላይ አንድ ምሳ ዕቃ ሩዝ ከአሳማ ጥብስ ጋር አስቀመጡበት። «ለልጅቷ ነው፤ አንተም ቅመስ።»

አቶ ፔንግ የዚያን ዕለት ማታ በዕቅዳቸው ጠርዝ ላይ «የባለድርሻ አካላት ተነሳሽነት ከተጠበቀው በላይ ነው» ብለው ጻፉ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ የታሰረ ጋዜጣ፣ የታጠበ ጣሳ፣ የተሰባበረ ማራገቢያ ተደርድሮ ያገኙታል። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጥንድ ያገለገለ ጫማ መጣ፤ በልካቸው ነበር። ባለሁለት ጎማ ጋሪ ያዋሳቸውም አልጠፋ። ቶንግቶንግ ጋሪው ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ «ቻው ቆሻሻ!» እያለች ከማቆሚያ ማቆሚያ ስትዞር፣ መንገደኛው መንገድ ይለቅላታል። ስልክ የሚባል ነገር ትዝም አይላት።

አንድ ቀን ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ካርቶን እየለቀሙ የሚኖሩት የሰማንያ ዓመቷ እማማ ጉዎ መንገድ ዘጉባቸው። አቶ ፔንግ ጠብ መጣ ብለው ጋሪውን ያዝ አደረጉ።

«አዲስ ነህ መሰል?»

«በዚህ ሳምንት ነው የጀመርኩት፣ እማማ።»

«ልጅ ስላለህ እንጂ አልለቅልህም ነበር። ከቤተ መቅደሱ ወዲህ ያለው ያንተ ይሁን፤ ወዲያ ያለውን ግን እንዳትነካ። ደግሞ ኪሎ ይጨምራል ብለህ ካርቶኑ ላይ ውሃ እንዳትረጭ፣ ገዢዎቹ ያውቁብሃል።»

አቶ ፔንግ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ማታ «ከነባር የዘርፉ ባለሙያ ጋር የልምድ ልውውጥ ተካሂዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨመረ።

ረቡዕ የቆሻሻው መኪና አይመጣም። የፊተኛውን ረቡዕ በሐብሐቡና በካርቱን ፊልም እንደ ምንም አልፈውታል፤ በሁለተኛው ግን ካርቶኑን ጭነው ከነልጃቸው ቁራሌው ዘንድ ወረዱ። ቶንግቶንግ ሚዛኑ ላይ ወጥታ አልወርድ አለች።

«ይቺንስ በኪሎ ስንት ትለኛለህ?» አለ ቁራሌው።

«አትሸጥም! አብራኝ ነው የምትሠራው» አሉ አቶ ፔንግ፤ ከልብ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተወለደች ወዲህ ከልጃቸው ጋር እንዲህ ሲስቁ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ሃያ ሁለት ዩዋን ተቀብለው እርጎ ገዙላትና ደረጃ ላይ ተቀምጠው ለሁለት ጠጡት። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ገቢ ያስገኘ ዕቅድ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ምሽት የሕንጻው ኮሚቴ ደረጃው ሥር አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። እትዬ ዡዋንግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኮሚቴው ሁኔታውን ተመልክቶ የፔንግ ቤተሰብ የደረጃ መብራትና የጽዳት መዋጮ ለስድስት ወር እንዲቀርለት ወስኗል።»

አቶ ፔንግ ሽልማት መሆኑ ገባቸውና ተነሡ። «ክቡራን ጎረቤቶቼ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የሰጣችሁኝ እያንዳንዱ ጣሳ ለእኔ ጣሳ ብቻ አይደለም። ዛሬ የደረስኩበት ደረጃ ላይ ብቻዬን አልደረስኩም!»

አንደኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት መሐረባቸውን አወጡ። «አይዞህ» አሉ። «ሁሉም ያልፋል።» ወይዘሮ ፔይዩ በዚያች ሰዓት ክሊኒክ አምሽተው ነበርና ንግግሩ አመለጣቸው።

ዓርብ ማታ እረፍቱ አበቃ። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ፔንግ የማጠቃለያ ሪፖርታቸውን ይዘው ባለቤታቸው ፊት ቆሙ። «በለቅሶ የታጀበ የስልክ ጥሪ፦ ባዶ። ከበጀቱ ተራፊ፦ ከግማሽ በላይ። ከውጭ የገባ የሰው ኃይል…»

ደወሉ ጮኸ። ወይዘሮ ፔይዩ በሩን ከፈቱ። አማትየው ሁለት ሻንጣና አንድ የታረደ ዶሮ ይዘው ቆመዋል።

«እማዬ! ማን ጠራሽ? እኔ እኮ አልደወልኩም!»

«አንቺማ መች ትነግሪኛለሽ! ዡዋንግ ባትኖር በምን እሰማ ነበር? እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ።» አማትየው ሻንጣውን ጥለው የአማቻቸውን ሁለት እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ሥራ ማጣት ነውር አይደለም። ቆሻሻ ለቅሞ ልጁን የሚያበላ ወንድ ጀግና ነው። እኔ አለሁልህ፤ ቀና በል።»

የአቶ ፔንግ ፊት አመድ መሰለ። የሁለት ሳምንት ድካማቸው በሁለት ሻንጣ ገደል ሊገባ ነው። ግን ሰነድ ያለው ሰው አይሸነፍም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!

«እማዬ፣ ተሳስተዋል። ሥራዬ አለ። ሰኞ እገባለሁ። ደመወዜም አልተነካም። ይህ ሁሉ ልጅቷን በትንሽ ወጪ ለማዝናናት ታስቦበት የተሠራ ነው። ይኸው!» ብለው አሥራ አንዱን ገጽ ከነአባሪው ዘረጉላቸው።

አማትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ራእዩን አነበቡ። የጉዞ ሰሌዳውን አነበቡ። ሐብሐቡ ጋ ሲደርሱ አንዴ ቀና ብለው አዩአቸውና እንደገና አቀረቀሩ። የእማማ ጉዎን የድንበር ስምምነት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደመወዝ እያለህ?»

«አዎን።»

«ሰው ደጅ እየቆምክ ቆሻሻ ስትለምን ከረምክ?»

«መለመን ሳይሆን በቅንጅት…»

«ማንም ሳያስገድድህ?»

«በራሴ ተነሳሽነት» አሉ አቶ ፔንግ ደረታቸውን ነፍተው።

አማትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ሐዘንተኛን እንደሚያጽናና ሰው ዝግ ያለ ነበር።

«ፔይዩ፣ እስቲ ለወንድምሽ ደውዪለት። ሥራ ብቻ የፈታ መስሎኝ የአንድ ወር ልብስ ብቻ ነው የያዝኩት። የብርዱን ካፖርቴንም ይላክልኝ።»