የሻምበል ባሻ ቀኝ ክርን

ሻምበል ባሻ ዕድሜያቸው አርባ ስምንት ነው። ጎህ ሲቀድ ምልምሎችን ያሯሩጣሉ፤ ከቁርስ በፊት አብረዋቸው ፑሽ አፕ ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ አያያዝ ያስተምራሉ። በመሃል "ምንም አልሆንኩም" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የጦር ሰፈር ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ጥይት ቢመታው የሚፎክር፣ ጅማቱ ቢቆስል ግን የሚያፍር። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ የተመረቅሁት የሰው ልብ ላክም ነበር። የደረሰኝ ክርን ነው። ጠዋት ክርን፣ ማታ ክርን። ፑሽ አፑም፣ ገመድ መውጣቱም፣ ጠመንጃውም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ጣት በማታክል ጅማት ላይ ነውና።

ክቡር ሻምበል ባሻ ወደ ክሊኒኬ የሚመጡት "ለራስ ምታት" ነው። ሻያቸውን በግራ እጃቸው ሲያነሱ አይቼ፣

"ግራኝ ሆኑ እንዴ?" አልኳቸው።

"ሁለቱም እጅ የመንግሥት ነው፤ አንዱ ለምን ይቦዝናል?"

ሰላምታ ሲሰጧቸው ቀኝ እጃቸውን ላለማንሳት፣ ከሜዳው ወደ ቢሯቸው በወጥ ቤቱ ጓሮ መዞር ከጀመሩ ሰንብተዋል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሻምበል ባሻ።"

"መድኃኒት የጠየቀሽ ማን ነው፣ ዶክተርዬ?"

ክርናቸውን ካላሳረፉት ጅማቱ እንደሚበጠስ፣ ያን ጊዜም ሜዳውን ተሰናብተው የግምጃ ቤት ቁልፍ ጠባቂ እንደሚሆኑ ነገርኳቸው። መልሳቸው የዘወትሩ ነበር፦ "እኔ ራሴ ያልሠራሁትን አላዝም።"

ሰኞ ዕለት አንድ ምልምላቸው የክርኑ ጅማት ተበጥሶ መጣ። ለወራት ሲያመው ኖሯል። ለምን ዝም እንዳለ ብጠይቀው፣ "ሻምበል ባሻ መች ተናገሩ?" አለኝ። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልዱ፣ ልጁ የተኛበትን ጠየቁኝ።

ሐሙስ ጠዋት በመስኮት የታወቀው ድምፃቸው ተሰማኝ።

"ክርኑን የሚያመው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት!"

ማንም አልተነቃነቀም። ሻምበል ባሻ ሰልፉን አዩ፤ ቀጥለው ዞረው ከሰልፉ ጫፍ ቆሙና አንድ እርምጃ ራሳቸው ተራመዱ። ከዚያ የሰልፉ እኩሌታ ተከተላቸው።

ረፋዱ ላይ የክሊኒኩ ኮሪደር መተላለፊያ አልነበረውም። ያን ሁሉ ክርን ሳየው ማልቀስ አማረኝ። ከፊት የቆሙት ሻምበል ባሻ ቀኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን ዘረጉልኝ።

"በፋሻ አንገቴ ላይ አንጠልጥይልኝ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ እረፍት ላዝ ነው። ራሴ ያልሠራሁትን ደግሞ አላዝም።"