ሰባት እርግጫ ዝምታ

አቶ ይርሳው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ አንዲት ካሴት ያወጣሉ። በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጓታል፣ እስክሪብቶ አስገብተው የላላውን ክር ሁለት ዙር ያጠብቃሉ፣ ከዚያ ቴፑ ውስጥ ይከቷታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ የተገኘ ሁሉ፣ ሊለካ የመጣም ሆነ መንገድ ሊጠይቅ ጎራ ያለ፣ አድማጭ ሆኖ ተሹሟል።

ሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ይሰማል። አደገኛው ግን የሚያሰማው ነው፤ እያሰማ ፊትህን ያያል፣ ቅንድብህ ካልተነሣ ከመጀመሪያው ይደግምልሃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ የለም። ለፍኖተ ሰላም የደረሷት ልብስ ሰፊው አቶ ይርሳው ናቸው። ሱቃቸው ከቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ ሌላ ጥፋት ሳይኖርብኝ ስድስት ዓመት አድምጫለሁ።

ካሴቷ ከስልሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የተቀረጸች የጃዝ አልበም ናት። ዘፋኝ የላትም፤ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ከበሮና ባስ ብቻ ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ አንድ አስተማሪ ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ትቶላቸው ሄደ።

አቶ ይርሳው በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠዋል። ቅኔውን ትተው መቀስ ያዙ፤ ትርጓሜው ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ በነፋ ቁጥር እንደ መጻሕፍት መምህር ይተረጉሙታል። “አንድም፣ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ የቀረ ሰው ነው። አንድም፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ምስክሩ ያልመጣለት ነው።” እጅጉ የሚባል ገበሬ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ሰማና፣ “አያ ይርሳው፣ ይቺ ላም ጥጃዋ የት ሄዶባት ነው?” አላቸው። ሱቁ ሳቀ። አቶ ይርሳው አልሳቁም። የልብስ ጠመኔያቸውን አንስተው ግድግዳው ላይ ጻፉት፤ “አንድም፣ ጥጃዋ የጠፋባት ላም” የሚለው እስከ ዛሬ አለ።

የአልበሙ ቁንጮ ያለው በሁለተኛው ገጽ መካከል ነው። ሳክስፎኑ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ትንፋሹ ያለቀ ሲመስል ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ከበሮው ሳይቀር። ከዚያ ሳክስፎኑ ከሌላ ቦታ፣ ዝቅ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ይህ ቦታ ሊደርስ ሲል አቶ ይርሳው ጣታቸውን ያነሣሉ፤ “ቆይ፣ አሁን ይመጣል።” ዝምታው መጥቶ ሲያልፍ ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ውስጥ ያማረ ቅኔ ሲቀርብ እንደሚባለው፣ “ይበል” ይላሉ።

ወይዘሮ ተናኜ ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው ክንዳቸውን እንደዘረጉ ይኸው ቦታ ደረሰ።

“አያ ይርሳው፣ እጄን ላውርደው?”

“ይቆዩ፣ አሁን ይመጣል።”

“ምኑ?”

“ዝምታው።”

“ዝምታ ከፈለጉማ ቴፑን አይዘጉትም?”

ቀሚሱ አንዱ እጅጌው አጥሮ ተሰፋ። ወይዘሮ ተናኜ እስከ ዛሬ “ክንዴ ዝሎ ሲወርድ ነው የለኩኝ” ይላሉ።

ከባዱ አድማጭ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ናቸው። እውነተኛ የቅኔ መምህር ስለሆኑ የእሳቸው “ይበል” ለአቶ ይርሳው ከከተማው ሁሉ ይበልጥባቸዋል። መሪጌታ ካባቸውን ሊያሳጥሩ በመጡ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። “ትንፋሽ አለው” ይላሉ፤ ከዚያ አያልፉም። “ቋንቋውን ሳላውቅ ይበል ብል ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?”

“ዝምታውስ፣ የኔታ?”

“ዝምታውን አውቀዋለሁ። እሱ ይበል ነው።”

ያን ዕለት አቶ ይርሳው የማንንም ልብስ አልሰፉም።

ባለፈው ጥቅምት ቴፑ ካሴቷን በላት። በመቀስና በፕላስተር ሦስት ቀን ታገሉ፤ አልሆነም። ሱቁ ጭር አለ፤ የከተማው ሕዝብ እስኪደነግጥ ድረስ ልብስ በቀጠሮው ቀን ይደርስ ጀመር። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ፀደንያ ያንኑ አልበም ከኢንተርኔት አውርዳ በፍላሽ ላከችልኝ። ከመስጠቴ በፊት ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።

ዝምታው የለም።

ሳክስፎኑ እዚያ ቦታ ላይ ደርሶ ሳይቆም ያልፋል። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁ። የአቶ ይርሳው ካሴት እሳቸው ዘንድ ሳትደርስ ተቆርጣ ባዶ ክር በፕላስተር ተቀጥሎባት ኖሯል። የሃያ ሁለት ዓመቱ “ይበል”፣ የመሪጌታም ጭምር፣ ለፕላስተር ነበር።

ፍላሹ አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ። ካልሰጠኋቸው ሙዚቃቸውን እነሣቸዋለሁ፤ ከሰጠኋቸው ዝምታቸውን። በአምስተኛው ቀን ሰጠኋቸው። ከጎረቤት ስፒከር ተዋስን። ሙዚቃው ከተለመደው ቦታ ሊደርስ ሲል አቶ ይርሳው ጣታቸውን አነሡ።

“ቆይ፣ አሁን ይመጣል።”

አልመጣም። ጣታቸው እንደተነሣ ቀረ።

“ይኼ ሌላ ሰው ነው” አሉኝ።

“ያው ነው።”

“እንግዲያው ቸኩሏል።”

ስለ ባዶው ክር ነገርኳቸው። ስጨርስ ጠመኔያቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

“አንተ መምህር፣” አሉ በመጨረሻ፣ “ታዲያ ያን ዝምታ ማን ነው የነፋው?”

ፍላሹን ከቁልፋቸው ጋር ምስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልነኩትም። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ለካባቸው መጥተው “ዛሬ አይነፋም?” ሲሏቸው፣ “ታሟል፣ የኔታ” ብለው አለፉት።

ያን ሳምንት ስለ ራሴም አንድ ነገር ተረዳሁ። ማታ ማታ ሙሉውን አልበም እሰማ ነበር፤ ያ ቦታ ሲደርስ ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሳክስፎኑ ግን ረግጦኝ ያልፋል። የተቀረጸው እንዲህ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ የጎደለው የእኛው ካሴት ሳይሆን ይኼ መሰለኝ።

ቡሬ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደረሰ የሚባል የቀድሞ ተማሪ አለኝ። ደወልኩለት።

“መምህር፣” አለኝ፣ “ሰው ድምፅ ጨምርልኝ ይለኛል። ዝምታ ጨምርልኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስንት ሰከንድ?”

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ሱቁ ገብቼ አቶ ይርሳውን ጠየቅኋቸው። ከሚሰፉት ሱሪ ቀና አላሉም። እግራቸው ብቻ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እየቆጠረ ረገጠ።

“ሰባት እርግጫ” አሉ። “ስድስት ካደረገው ግን አልቀበልም በለው።”

ደረሰ እርግጫን በሰከንድ ማስላት አልቻለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት አቶ ይርሳውና እኔ ከመናኸሪያው በሚኒባስ ወደ ቡሬ እንሄዳለን። ደረሰ ከጎረቤቱ የስፌት መኪና ተውሶ ይጠብቀናል።